ጣና ውስጥ የቀረ መረብ ለማውጣት ወታደር ጠላቂ ማሠልጠን ያዋጣል?

ጣና_ዳር
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡልኝ።

በአንዳንድ አገር የባሕር ኃይል ጠላቂ ሥራው ፈንጂ ማምከንና መርከብ መጠገን ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጅ የጠፋበትን ወይም ትቶት የሄደውን መረብ ከባሕር ዳርቻ እንዲያወጣም ይሠለጥናል። በ2021 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ ኮ ሎሲን በምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ከ2,500 ካሬ ሜትር በላይ መረብ ኮራሉ ላይ ተንጣሎ ተገኘ። የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ወርደው እየቆረጡ አወጡት። የስሪላንካ ባሕር ኃይልም ይህን ሥራ ይሠራል።

እኛ ባሕር የለንም። ጣና ግን አለን። ባሕር ኃይሉም በ2010 ዓ.ም. እንደገና ይቋቋማል ከተባለ በኋላ፣ ዋና መምሪያው ባህር ዳር ይሆናል የሚል ዜና በ2012 መውጣቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ። ቱሪስትም ቀዳሽም አመላልሳለሁ። ዘጌ መስመር ላይ ሞተሩ ድንገት ድምፁን ቀይሮ ቀጥ ሲል ምን እንደሆነ ሳላየው አውቀዋለሁ። ሞተሩን አንስቼ ሳየው ፕሮፔለሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ናይለን ተጠምጥሟል። ከነማስመጫ እርሳሱ፣ አንዳንዴም ከነዓሣው አፅም። ላይ ያለው ይህን ያህል ከሆነ ሥር ያለው ስንት ይሆን?

እና ጥያቄዬ፦ ወታደር ጠላቂዎችን ለዚህ ሥራ ብናሠለጥን ይሠራል ወይ? ምን ይፈልጋል? የምታውቁ አስረዱኝ።

ቆሮሶ_ጥብስ
እኔ የማውቀው ከመረቡ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። ሎሚና ዳጣ።

ጣና_ዳር
አንተን ማን ጠየቀህ? 😄

ዘጌ_ቡና
አባቴም እኔም ዓሣ አጥማጆች ነን፤ ስለዚህ መረቡ እንዴት እንደሚጠፋ ልንገርህ። ከዚያ ማን ያወጣዋል ወደሚለው ትሄዳለህ።

ማታ እንጥላለን፣ ጠዋት እናነሳለን። መሀል ላይ ሌሊት አለ። ነፋስ ሲነሳ መልህቅ የተደረገው ድንጋይ ይጎተትና መረቡ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። አረሙ በነፋስ እንደ ደሴት ይነቀልና ሲሄድ ተንሳፋፊውን ይዞት ይሄዳል። ገመዱ ሲበጠስ መረቡ ይሰምጣል። ሦስተኛው እንደናንተ ያለ ሞተረኛ ነው፤ አትቀየመኝ። ምልክታችን የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ማታ አይታይም፤ ቆርጣችሁት ታልፋላችሁ። አራተኛው ሌባ ነው። ዓሣውን ለቅሞ ሲጣደፍ መረቡን ይቆርጠዋል።

አምስተኛውን ማንም አይናገረውም፤ እኔ ልናገር። የተቀደደ መረብ ወደ ቤት አይመለስም። ድንጋይ ታስሮበት እዚያው ይሰምጣል። ባለ አንድ ክሩ ቀጭን ናይለን፣ ያ ሞኖ የምንለው፣ አይጠገንም። መስፋት ጊዜ ማባከን ነው።

ሊምኖ
ዘጌ_ቡና ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ዓሣና ውኃ ነው ያጠናሁት፤ ትንሽ ልጨምር።

ጣና ላይ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ በሰፊው የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። ከዚያ በፊት ሰው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያጠምደው። ናይለን አይበሰብስም። ባለቤቱ ቢረሳውም ማጥመዱን ይቀጥላል። ዓሣ ይያዝበትና ይሞታል። የሞተውን ሊበላ አምባዛ ይመጣል፤ እሱም ይያዛል። ሬሳው ሲበዛ መረቡ ከክብደት ብዛት ይተኛል፤ ሥጋው ሲያልቅ ደግሞ ተንሳፋፊው ቀና ያደርገዋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለወፉም አይመለስም። ዓሣ ፍለጋ የሚጠልቅ ወፍ ሰምጦ ይቀራል።

የኛው ሐይቅ ጉዳይ የሚከብደው በሌላ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል በርባስ የሚባል ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ጭስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ወንዝ ስለለያቸው እዚሁ ተዋልደው እዚሁ ተለያዩ። አብዛኞቹ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ጎርፍ ይጠብቃሉ። እዚያ የቀረ አንድ መረብ መሀል ሐይቅ ላይ ከቀረ አሥር መረብ ይከፋል። ማንም ለዚህ ሥራ ቢሠለጥን መጀመር ያለበት ከወንዝ አፎቹ ነው።

የድሮ_መርከበኛ
ልጆች፣ እኔ የባሕር ኃይል ሰው ነበርኩ። ምፅዋ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ። የኛ ሥራ መረብ ማውጣት አልነበረም። ነገር ግን በጨለማ ውኃ ገመድና ሽቦ መሀል መሥራት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መረብ ከሽቦ ይብሳል።

ሰው የሚመስለው ጠላቂ ቢላ ነክሶ ይወርዳል፣ ይቆራርጣል፣ ይወጣል ነው። ቢላ ለላላ ናይለን አይሆንም። ሲነካው ይሸሻል። ቢላ የሚቆርጠው የተወጠረ ነገር ነው። እዚህ የሚያስፈልገው መቀስ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የቁስለኛ ልብስ የሚቀዱበት፣ ጫፉ ደነዝ የሆነው። እሱም ሁለት መሆን አለበት። አንዱ ቀኝ እጅ፣ ሌላው ግራ እጅ የሚደርስበት፤ ሁለቱም ደረት ላይ። ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ቢላ ሲኒማ ላይ ያምራል። መረብ ጉልበትህን ከያዘህ ግን እዚያ አትደርስም።

ሥልጠናው ደረቅ መሬት ላይ ይጀምራል። ሁለት እንጨት ትተክላለህ፣ አሮጌ መረብ መሀሉ ላይ ታንጠለጥላለህ። ሠልጣኙ ሙሉ ዕቃውን ለብሶ፣ መነጽሩ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ ይገባበታል። ጓደኞቹ ይስቃሉ። መጀመሪያ የሚያዘው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። ማጅራቱ ላይ፣ የአየር ጠርሙሱ ቫልቭ ነው። እጁ የማይደርስበት ቦታ። ሰውየው ምን እንደያዘው ለማወቅ ዞር ይላል። ዞረ ማለት ተጠቀለለ ማለት ነው። ከዚያ የእግር መቅዘፊያው ዘለበት ይያዛል፣ ከዚያ የሰዓቱ ማሰሪያ፣ ከዚያ የአየር ቱቦው። ደቂቃ አይሞላም፤ ሰውየው ቆሞ መንቀሳቀስ አቅቶታል። ያኔ ሳቁ ይቆማል።

የሚማረው ነገር አጭር ነው። ቁም። ተንፍስ። በመጣህበት መንገድ ወደኋላ ተመለስ። አልለቅ ካለህ ጓደኛህን ጠብቅ፤ ማጅራትህ ላይ ያለውን የሚያየው እሱ ነው። ይህን ደረቅ መሬት ላይ ሳይፎክር የሠራ ሰው ወደ መዋኛ ገንዳ ይሂድ። ገንዳው ላይ በጨለማ መነጽር የሠራ ሰው ወደ ሐይቁ ይሂድ። ከወታደር ይልቅ ለዚህ የሚሆነው የማይቸኩል ሰው ነው። ጎበዝ ዋናተኛ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ነው ቶሎ የሚተበተበው።

ጣና_ዳር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምርብዎት። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ከባሕር ጋር ሲነጻጸር ኩሬ ነው። ታዲያ ሥራው አይቀልም?

የድሮ_መርከበኛ
ልጄ፣ ሰው በሁለት ሜትር ውኃም ይሞታል። የሚገድለው ጥልቀቱ አይደለም፤ አለማየት ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ሲያመጡ ጉማራ አፍ ላይ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። በዚያ ውኃ መረብ አይታይም፤ ይዳሰሳል። ሲዳሰስ ደግሞ ይዞሃል።

ገልፍ_ጠላቂ
እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እጠልቃለሁ። ጥልቀቱን በተመለከተ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ጣና ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

የጠላቂ ሠንጠረዥ፣ ማለት በስንት ሜትር ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ የተሠራው ለባሕር ነው። ጠላቂ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ሲወጣ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ አረፋ ይሆንበታል። ባህር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ 10 ሜትር የወረደ ሰው ሠንጠረዡን ሲያነብ ከ12 ሜትር በላይ እንደወረደ መቁጠር አለበት። 14 ሜትሩ ደግሞ 17 ገደማ ይሆናል። ዘመናዊ የእጅ ኮምፒውተሮች ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ አንዳንዶቹን ግን አንተ ከፍታውን ካልነገርካቸው አያውቁም።

ሌላው ከውኃ ከወጡ በኋላ ያለው ነው። ሠልጣኞቹ ቀኑን ሙሉ ጠልቀው ማታ መኪና ላይ ተሳፍረው ደብረ ታቦር ቢገቡ 2,700 ሜትር ላይ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ቢሄዱ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ2,400 አልፈዋል። ይህ ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን ላይ እንደመሳፈር ነው። እዚያው ባህር ዳር ያድሩ። ክፉ ቢመጣ ሰውየው የሚታከምበት የግፊት ክፍል የት እንደሆነና በምን እንደሚደርስም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በወረቀት መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አይወረድም። ወታደር ስለሆነ አይቀርለትም።

መረቡን ወደ ላይ ማንሳትም የራሱ ጣጣ አለው። እየቆረጥክ ትጠቀልለዋለህ፤ ከዚያ ማንሻ ከረጢት ታስርበትና አየር ትሞላዋለህ። 50 ሊትር ከረጢት 50 ኪሎ ያነሳል። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር የተነሳ አየር፣ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። ጣና ላይ ከእጥፍ ያልፋል፤ ምክንያቱም ላይ ያለው አየር ስስ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ሞልተህ አትለቅም። ግማሽ ያህል ሞልተህ በገመድ ይዘህ ትለቀዋለህ። በምንም ዓይነት ከረጢቱን ይዘህ አብረህ አትወጣም፤ ሥሩም አትቆምም። ጭቃ የበላ መረብ ገመዱ ተበጥሶ ሲመለስ አናትህ ላይ ነው የሚወርደው።

የድሮ_መርከበኛ
ጎበዝ። ይህ ልጅ ያወቀ ነው።

ነርስ_ነኝ
ስለ ጤናው ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚወጣው ከቀንድ አውጣ ነው፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ዳር ላይ፣ ሣርና አረም ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሠልጣኙ ከዳር እየተራመደ አይግባ። ከጀልባ ይውረድ፣ ወደ ጀልባ ይውጣ። ሙሉ ልብስ ይልበስ። ፕራዚኳንቴል ቀድሞ ቢወሰድ አይከላከልም፤ ትሉ ካደገ በኋላ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ምርመራው ሥልጠናው ካለቀ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ይሁን። በማግሥቱ ተመርምሮ ነጻ ነኝ ያለ ሰው ራሱን ሸውዷል።

ቆሮሶ_ጥብስ
ጉማሬውንስ? ዓባይ መውጫ ላይ ያለው ጉማሬ መቀስ አይፈራም።

የድሮ_መርከበኛ
ጉማሬ ባለበት አይጠለቅም። ይህ ክርክር የለውም።

እናት_ጓዳ
ሌላ ጥያቄ፦ ሴት ጠላቂ ብትኖር ሴት በማይገባበት ክብራን ገብርኤል ገዳም ዙሪያ ትገባለች ወይስ ውኃውም ተከልክሏል? 😅 ቀልዴን አይደለም። ገዳማቱ አጠገብ ዓለታማ ነው፤ መረብ የሚያዘውም ዓለት ላይ ነው።

ዘጌ_ቡና
የተከለከለው ደሴቱን መርገጥ ነው፤ ውኃው አይመስለኝም። ቢሆንም አበምኔቱን ሳታነጋግሩ እዚያ ዙሪያ ጠላቂ አታውርዱ። መነኮሳቱ ውኃው ላይ የማያውቁት ጀልባ ካዩ ይደወላል።

ሊምኖ
ጠላቂ ጠላቂ እያልን አንድ ነገር እየዘለልን ነው። አብዛኛው የጣና ወለል ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ ያለ መረብ ለማውጣት ሰው ማውረድ አያስፈልግም። ኖርዌይ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የጠፋ መረብ ስታወጣ የኖረችው በመርከብ መንጠቆ እየጎተተች ነው። ባለብዙ ጣት ብረት በረጅም ገመድ ታስሮ ወለሉ ላይ ይጎተታል፤ መረብ ሲይዝ ገመዱ ይከብዳል፤ ትስበዋለህ። ጣና ላይ ሁለት ጀልባና አንድ ብየዳ ቤት ይበቃል።

ጠላቂ የሚያስፈልገው መንጠቆው በማይሠራበት ነው። ዘጌና ደሴቶቹ ዙሪያ ዓለቱ ላይ። ወደብ ምሰሶ ላይ የተጠመጠመ። ውኃ መሳቢያ ቱቦ አጠገብ። ደንገሉ ውስጥ ግን ሁለቱም አይግቡ፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው እዚያ ነው፤ እዚያ ያለው በታንኳ ሆኖ በእጅ ይለቀም።

ጠላቂም ቢሆን ጠርሙስ ተሸክሞ መሆን የለበትም። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፒዩጀት ሳውንድ ላይ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ5,800 በላይ መረብ ወጥቷል። እዚያ ጠላቂዎቹ አየር የሚያገኙት ከጀልባው በቱቦ ነው፤ ከላይ ካለው ሰው ጋርም ይነጋገራሉ። አየሩ አያልቅም፤ ሰውየው የት እንዳለም ይታወቃል። ጋሼ ያሉት ማጅራት ላይ ያለው ቫልቭም ዋናው ችግር መሆኑ ይቀራል። ለደፈረሰ ውኃና ለ14 ሜትር ይህ ነው የሚሻለው።

የድሮ_መርከበኛ
እስማማለሁ። ቱቦውም በመረብ ይያዛል፤ ያን ግን ላይ ያለው ረዳት እየጎተተ ያስተካክለዋል። ረዳቱ ከጠላቂው እኩል ይሠልጥን። እኛ ዘንድ ገመድ ያዥ የሚሆነው ጠላቂ የነበረ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ_ዜጋ
ሁላችሁም ስለ ቱቦ ታወራላችሁ። ዓሣ አጥማጁ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በጀልባ ሲመጣ ሲያይ ምን ያደርጋል? መረቡን ቆርጦ ይሸሻል። ሌላ የጠፋ መረብ ተፈጠረ ማለት ነው። አሁን ባለንበት ሁኔታ ደግሞ...

አወያይ
አንድ_ዜጋ፣ የመጀመሪያው ነጥብህ ጥሩ ነው። «አሁን ባለንበት ሁኔታ» ብለህ የጀመርከውን ግን እዚህ አትቀጥለው። ውይይቱ ስለ መረብ ነው፤ ከዚያ ከወጣ እዘጋዋለሁ። ያጠፋሁት መስመር ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዘጌ_ቡና
ሰውየው ያለው ግን እውነት ነው። ዋናውም እሱ ነው።

መረቡ የት እንዳለ የሚያውቀው ማነው? የጣለው ሰው ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምርጥ ጠላቂ አምጡ፣ ቱቦ ስጡት፣ ኮምፒውተር እሰሩለት፤ ቦታውን ካላወቀ ጭቃ ሲዳብስ ይውላል። እኔ አሁን ቁጭ ብዬ የማውቃቸውን ቦታዎች ልነግራችሁ እችላለሁ። አጎቴ ከኔ የበለጠ ያውቃል። ግን አንነግራችሁም። ለምን? መረብ ጠፋብኝ ብዬ ባመለክት መጀመሪያ የምጠየቀው የመረቡ ዓይን፣ ቀዳዳው ማለት ነው፣ ስንት ጣት ያስገባል ነው። ቀጥሎ ፈቃድህስ ይባላል። የጠፋብኝ ሳያንስ እከሰሳለሁ። ስለዚህ ዝም።

ሊምኖ
በትክክል። ዋሽንግተን ላይ የሠራውም ይህን ስለፈቱት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ መረብ የጠፋበት ነጋዴ አጥማጅ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በማሳወቁ ግን አይቀጣም። ያሳወቀ ቅጣት የለበትም፤ የደበቀ ነው ጥፋተኛው። ከዚያ ወዲህ ትኩስ መረብ ሳይሰምጥና ሳይጠላለፍ ያነሱታል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያም መሣሪያው ላይ የባለቤቱ ምልክት ይደረግ ይላል። ምልክቱ ግን ለክስ መያዣ ከሆነ ማንም አያደርገውም። እኛ ጋ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይህን ነገር በመመሪያ መጨመር ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

ገመድ_ቤት
እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ። ሁሉም ጣቱን ወደኛ ይቀስራል፤ ልናገር።

ሞኖ የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው። ውኃ ውስጥ ስለማይታይም ብዙ ይይዛል። በሱዳን በኩል ይገባል፤ እኔ ባልሸጠው ጎረቤቴ ይሸጠዋል። ሰው እየጠየቀኝ የለም ብለው ማዶ ይሻገራል። ባለ ብዙ ክሩ መረብ ውድ ነው፤ ግን ይጠገናል፣ ዓመታት ይቆያል። ሞኖው ቶሎ ያልቅና ይጣላል። ጠላቂ ብታሠለጥኑ ባታሠለጥኑ፣ ታች ያለውን ስታወጡ ላይ ሌላ ከተጣለ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

እምቦጩን አስታውሱ። በ2004 ገደማ ታየ ተባለ፤ ከዚያ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅል ከረመ። ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳ። አረሙ አሁንም አለ። ይሄም ጠላቂ ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ አንድ ትልቅ መረብ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። በሚቀጥለው ዓመት ማን አለ?

ጣና_ዳር
ታዲያ ምን ይሁን? አሮጌ ሞኖ ያመጣ ሰው በአዲስ ባለክር መረብ ላይ ቅናሽ ቢደረግለትስ?

ገመድ_ቤት
ቅናሹን እኔ ከኪሴ አላደርግም። ልዩነቱን የሚሸፍን ካለ ነገ እጀምራለሁ። አሮጌውን በኪሎ መዝኜ እረከባለሁ፤ ጭቃው ታጥቦ ግን። ጭቃ በኪሎ አልገዛም።

የድሮ_መርከበኛ
ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ጣና_ዳር። ወታደር ይሠልጥን ወይ ብለሃል። እኔ የምለው፣ ይሠልጥን፤ ግን ዋና ሥራው ማሠልጠን ይሁን። ባሕር ኃይል ያለው ነገር ሥርዓት ነው። የአየር መሙያ፣ ሐኪም፣ ገመድ ያዥ፣ የተጻፈ ትእዛዝ። ዓሣ አጥማጁ ያለው ደግሞ ሐይቁ ነው። ከየማኅበሩ የማይቸኩሉ ወጣቶች ተመርጠው ከወታደሩ ጋር አንድ ላይ ይሠልጥኑ፤ አንድ መረብ ውስጥ ይተብተቡ። መቀስ ይዞ ማጅራትህን ነጻ ያወጣህን ሰው በኋላ ሐይቁ ላይ ስታየው አትሸሽም። ጀልባው ላይ ግን ሰላምታና ማዕረግ ይቅር፤ ዩኒፎርሙም ይቅር። ውኃ ውስጥ ሁሉም ጥቁር ጎማ ነው የሚለብሰው።

አንድ_ዜጋ
ይህን ካሉ እኔም እስማማለሁ። ጠመንጃ የያዘ ጀልባ አጠገብ አይቁም።

ገልፍ_ጠላቂ
ጊዜውንም አትርሱ። ክረምት ላይ አይሆንም፤ ውኃው ደፍርሷል፣ ዓሣውም እንቁላል ሊጥል ነው። ከኅዳር በኋላ ውኃው ሲጠራ ይሻላል። መንጠቆውን ግን ከዚያ በፊትም መሞከር ይቻላል።

ሊምኖ
የወንዝ አፎቹ ከሐምሌ በፊት መጽዳት አለባቸው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሰኔ ነው ያላችሁ። የሚወጣው ዓሣ ሬሳም ቢሆን ይቆጠር፣ ዓይነቱ ይጻፍ። የባህር ዳር ዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያ አብሮ ቢሳፈር ጥሩ ነው። ያለበለዚያ የምናወራው ስለ ኪሎ ፕላስቲክ ብቻ ይሆናል።

ጣና_ዳር
እሺ፣ ጠላቂው ይቆየን። መንጠቆውን እኛው መሞከር እንችላለን ማለት ነው። ጀልባው የኔ ነው። ዘጌ_ቡና፣ ቦታ ታሳየኛለህ?

ዘጌ_ቡና
በሦስት ነገር። ፎቶ አይነሳም። የማን መረብ ነው አይባልም። የወጣው እርሳስ ለአጎቴ ይሰጣል፤ እርሳስ ተወዷል።

ጣና_ዳር
ተስማምተናል። መንጠቆውን ማን ይሠራዋል?

ገመድ_ቤት
ሱቄ አጠገብ ብየዳ ቤት አለ። የግማሽ ሜትር ቱቦ ላይ ስድስት የፌሮ ጣት ይበየድ። ፌሮው ቀጭን ይሁን፣ ባለ 8 ሚሊ። ወፍራም ካደረጋችሁት ዓለት ሲይዘው ጀልባውን ይገለብጣችኋል፤ ቀጭኑ ግን ሲጎተት ይቃናና ይለቃል፤ በመዶሻ መልሳችሁ ታጥፉታላችሁ። ከፊቱ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ይግባ፤ ካልሆነ ይንሳፈፋል እንጂ ወለሉን አይነካም። ገመዱን እኔ አውሳችኋለሁ። አውሳችኋለሁ ነው ያልኩት።

የድሮ_መርከበኛ
ገመዱን ከኋላ እሰሩት፣ ከጎን አይሁን። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ። አልለቅ ካለ ይቆረጥ።

ገመድ_ቤት
ጋሼ፣ ገመዴን ነው የሚቆርጡት?

የድሮ_መርከበኛ
ገመድ ይገዛል።

ቆሮሶ_ጥብስ
ቤንዚኑንስ ማን ይችላል?

ጣና_ዳር
ከጥቁር ገበያ ውጪ የሚሸጥ ካገኘህልኝ እኔ እችላለሁ።